ማንም የማይቆጥራቸው ፕሮግራሞች

በ33 ብር ከ37 ሳንቲም ላይ 15 በመቶ ታክስ ሲታሰብ 5.0055 ብር ይመጣል። ከሳንቲም በታች የሚከፈል ገንዘብ ስለሌለ አንዱ መወሰን አለበት፤ ወደ 5 ብር ከ1 ሳንቲም ይጠጋጋ ወይስ ትርፉ ተቆርጦ 5 ብር ይሁን? አይ.ቢ.ኤም. ለንግድ ድርጅቶች በሠራው ኤኤስ/400 በተባለው ኮምፒውተር ላይ ይህን የሚወስነው ሒሳቡን የጠየቀው መሣሪያ ነው። በአር.ፒ.ጂ. ቋንቋ ተጽፎ ኮምፓይል የተደረገ፣ ማለትም ወደ ማሽኑ ቋንቋ የተለወጠ ፕሮግራም፣ ጸሐፊው አጠጋጋ ብሎ ካላዘዘው በቀር ትርፉን ቆርጦ ይጥለዋል። ኩዌሪ/400 የተባለው የሪፖርት ማውጫ ደግሞ ተጠቃሚው አታጠጋጋ ብሎ ካልከለከለው በቀር ያጠጋጋል። ሁለቱም ያነበቡት አንዱን ፋይል ነው፣ ሁለቱም የታዘዙትን ፈጽመዋል። ደረሰኙን ያተመው ፕሮግራምና ለሒሳብ ክፍል ድምር ያወጣው ኩዌሪ ግን ወር ሲዘጋ አይገጥሙም፤ ልዩነቱ የጥቂት ብር ቢሆንም ከየት እንደመጣ ለማወቅ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሊያጠፋበት ይችላል።

እንዲህ ዓይነቱን ማሽን በሚያስተዳድሩ ባለሙያዎች መካከል የቆየ ክርክር አለ። የድርጅቱ ሪፖርት በኩዌሪ ይያዝ ወይስ በፕሮግራም? ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚያጠነጥነው ቶሎ በሚጻፈው ወይም ቶሎ በሚሮጠው ላይ ነው። ሁለቱም መለኪያዎች ዋናውን ነገር ይስታሉ ባይ ነኝ። ኮምፓይል የተደረገ ፕሮግራም ድርጅቱ የራሱ ንብረት እንደሆነ የሚያውቀው ዕቃ ነው፤ ሶርስ ኮድ፣ ማለትም ፕሮግራመሩ የጻፈው ጽሑፍ አለው፣ የጻፈው ሰው ይታወቃል፣ ሲለወጥ ይፈተሻል። ኩዌሪ ግን ሥራው የፕሮግራም ሆኖ ሳለ በማንም መዝገብ ላይ አልሰፈረም። ጥገናው የሚከብደው የሚጠገን ነገር መኖሩን የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ነው። እናም መስመሩ መሰመር ያለበት በመሣሪያው ዓይነት አይመስለኝም። አንድ ኩዌሪ ውጤቱ ሰው አንብቦት የሚቀር ሳይሆን ሌላ ሥራ የሚነሣበት ከሆነ ፕሮግራም ሆኗልና እንደ ፕሮግራም መያዝ አለበት።

ኤኤስ/400 ይፋ የተደረገው እ.ኤ.አ. በሰኔ 1988 ነው፤ የተሠራውም በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት በሮቸስተር ከተማ ነው። ከእሱ በፊት ሲስተም/38 ነበር። የሁለቱ ልዩ ጠባይ ዳታቤዙ ተገዝቶ የሚጫን ሳይሆን የስርዓተ ክወናው አካል መሆኑ ነው። ስሙ በየጊዜው ተቀያይሮ ከ2008 ወዲህ ስርዓተ ክወናው አይ.ቢ.ኤም. አይ ይባላል፤ በመድን ድርጅቶች፣ በመጋዘኖች፣ በፋብሪካዎች ዛሬም ይሠራል። የአር.ፒ.ጂ. ዕድሜ ከማሽኑም ይረዝማል። በ1959 አይ.ቢ.ኤም. 1401 ለተባለው ኮምፒውተር ሲወጣ የታሰበው ለፕሮግራመር አልነበረም፤ በካርድ መደመሪያ መሣሪያዎች ላይ ሽቦ እየሰኩ ሪፖርት ያወጡ ለነበሩ የሒሳብ ክፍል ሰዎች ነበር። ሙሉ ስሙም የሪፖርት ፕሮግራም አመንጪ ማለት ነው። ፎርም ሞልተህ ስጠው፣ ሪፖርቱን ያወጣልሃል፤ ቃል የተገባው ይህ ነበር። ከዚያ ግን ሪፖርት ማውጫው ደረሰኝ ማተም ጀመረ፣ ቀጥሎ ደመወዝ ማስላት፣ ቀጥሎ ክምችት ማዘዝ። በ1994 አራተኛው ትውልድ ሲወጣ ሙሉ የንግድ ቋንቋ ሆኖ ነበር። ዛሬ የኩዌሪ ተከራካሪዎች ከባድ ነው እያሉ የሚሸሹት አር.ፒ.ጂ. በዘመኑ ኩዌሪ ነበር ማለት ይቻላል። ቀላል የሪፖርት መሣሪያ ቀላል ሆኖ አይቀርም፤ ሥራ ይጫንበታል። ልዩነቱ አር.ፒ.ጂ. ሲያድግ የመጣለት ሥርዓት ለኩዌሪ አለመምጣቱ ነው።

ኩዌሪ የተስፋፋበት ምክንያት ግን ከንቱ አልነበረም። ሊንትዝና ስዋንሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1980 ባሳተሙት ጥናት 487 ድርጅቶችን ጠይቀው ነበር። ጥገና ከሚባለው ሥራ ስሕተት ማረም አነስተኛው ክፍል ሆኖ ተገኘ፤ ትልቁ ክፍል ተጠቃሚው አዲስ ነገር ስለፈለገ የሚሠራ ማሻሻያ ነበር። ይህ ሪፖርት በክልል ተከፍሎ ይምጣልኝ፣ ያኛው አንድ ዓምድ ይጨመርበት የሚለው ጥያቄ ማለቂያ የለውም፤ ፕሮግራመሩ ጠረጴዛ ላይ ወረፋ ይዞ ወራት ይቀመጣል። በኩዌሪ/400 ግን ሒሳብ ሠራተኛዋ ራሷ ፋይል ትመርጣለች፣ ፊልድ ትመርጣለች፣ መደርደሪያና ማጠቃለያ ታዛለች፣ ውጤቱ በስክሪን ወይም በወረቀት ይወጣል። እስከ 32 ፋይል ማጣመር ትችላለች። ሥራዋን ከምሳ በፊት ጨርሳ ትሄዳለች። ይህን መብት ከእሷ ነጥቆ ሁሉም በፕሮግራም ይሁን የሚል ሰው ያንን ወረፋ ረስቶታል፤ ከድጡ ወደ ማጡ ነው የሚወስዳት።

ኮምፓይል ማድረግ የሚያስከትለውን ጣጣ እንይ። አር.ፒ.ጂ. ፕሮግራም ኮምፓይል ሲደረግ የሚያነበው ፋይል ቅርጽ፣ ማለትም የፊልዶቹ ስም፣ ርዝመትና ዓይነት፣ ተጠቃሎ በመለያ ምልክት መልክ ፕሮግራሙ ውስጥ ይቀመጣል። ፕሮግራሙ በሮጠ ቁጥር ፋይሉን ሲከፍት ማሽኑ ሁለቱን ምልክቶች ያስተያያል። አንድ ሰው ትናንት ፋይሉ ላይ ፊልድ ጨምሮ ከሆነ ምልክቶቹ አይገጥሙም፤ ፕሮግራሙ ሌቭል ቼክ ብሎ ይቆማል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቆመበት ባለሙያ ይህን በረከት ብሎ አይጠራውም፤ አንዳንዱም ተሰላችቶ ማስተያያውን ያጠፋዋል። እኔ ግን መቆሙን እንደ አገልግሎት እቆጥረዋለሁ። ፕሮግራሙ የተጻፈበት ግምት መፍረሱን ተናግሯል፤ ሳይናገር የተሳሳተ ቁጥር ከሚያትም ይሻላል። መቆሙም አንድን ሰው ሶርስ ኮዱን ከፍቶ እንዲያይ ያስገድዳል። ጣጣው ራሱ ነው ሥርዓቱን ያመጣው።

እዚህ ላይ ተቃዋሚዬ ትክክለኛ ነገር ያነሣብኛል። ሌቭል ቼክ የሚያየው ቅርጽን እንጂ ትርጉምን አይደለም። የደንበኛ ፋይል ላይ የሁኔታ ኮድ አለ እንበል፤ "ሀ" ማለት በሥራ ላይ ያለ፣ "ዘ" ማለት የተዘጋ። ከዓመታት በኋላ የብድር ክፍሉ "ታ" የሚል ሦስተኛ ኮድ ያስገባል፤ ለጊዜው የታገደ ግን ዕዳ ያለበት ደንበኛ። የፊልዱ ርዝመት አልተለወጠም፣ ስለዚህ ፕሮግራሙም ኩዌሪውም አይቆሙም። ሁለቱም "ሀ" የሆኑትን ብቻ እየመረጡ ዕዳ ይደምራሉ፣ የታገዱት ሰዎች ዕዳ ከድምሩ ይወጣል። እውነት ነው፤ እስከዚህ ድረስ ሁለቱ እኩል ናቸው። የሚለያዩት ስሕተቱ ከታወቀ በኋላ ነው። ፕሮግራሞቹ ሶርስ ኮድ ስላላቸው የሁኔታ ኮዱን ስም በጽሑፍ ፈልጎ የተጠቀሱበትን ቦታ ሁሉ በአንድ ጊዜ ማውጣት ይቻላል። ኩዌሪው ግን በማሽኑ ላይ እንደ አንድ ዝግ ዕቃ የተቀመጠ ፍቺ ነው፤ የመምረጫ ሁኔታው በሶርስ ፋይል ውስጥ የተጻፈ ጽሑፍ ስላልሆነ እንደ ሶርስ ኮድ አይፈለግም። ማሽኑ ፕሮግራሞችና ኩዌሪዎች የሚነኩትን ፋይል የሚዘረዝር ትእዛዝ አለው፣ ይህን አልክድም። ነገር ግን የሚነግረን ይህ ኩዌሪ የደንበኛውን ፋይል ያነባል የሚለውን ነው፤ የደንበኛውን ፋይል የማያነብ ደግሞ ጥቂት ነው። "ሀ"ን ብቻ የሚመርጠው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አንድ በአንድ መክፈት ወይም በጽሑፍ ማውጣት ነው፣ አለዚያም ለዚሁ የተሠራ መሣሪያ መግዛት።

የኩዌሪ አበዛዝም ነገሩን ያባብሰዋል። ሰው የሌላውን ኩዌሪ ለመለወጥ ይፈራል፤ ስለዚህ ይቀዳዋል፣ በስሙ መጨረሻ ላይ 2 ይጨምርበታል፣ የሚፈልገውን ፊልድ ያስገባል። ከእሱ ሌላው ይቀዳል። የዕዳ ደንብ በአንድ ቦታ መኖሩ ቀርቶ በየሠራተኛው ላይብረሪ ተበትኖ፣ ግማሹ የድሮውን ግማሹ የአዲሱን ትርጉም ይዞ ይኖራል። ባለቤቶቹ ጡረታ ሲወጡ ኩዌሪዎቹ አብረው አይወጡም። ማስተካከያ ሲደረግ ደግሞ አዲሱ ፍቺ በአሮጌው ላይ ይጻፋል፤ ባለፈው ወር ምን ይል እንደነበር ከምትኬ ካልተመለሰ በቀር የሚያሳይ ታሪክ የለም።

ይህ ሁሉ ሪፖርቱን የሚያነበው ሰው ከሆነ አያስደነግጥም። ልምድ ያላት የሒሳብ ሠራተኛ ድምሩ ሲያንስባት ግንባሯን ትቋጥራለች፣ ትጠይቃለች። አደጋው ያለው በኩዌሪ/400 የውጤት ምርጫ ውስጥ ነው። ከስክሪንና ከወረቀት ቀጥሎ ሦስተኛ ምርጫ አለ፤ ውጤቱን ወደ ዳታቤዝ ፋይል ጻፍ የሚል። አዲስ ፋይል ፍጠር፣ ነባሩን ተካ፣ ወይም በነባሩ ላይ ጨምር። አንድ ሰው ይህን ከመረጠና የሌሊት ሥራ ዝርዝር ውስጥ ኩዌሪውን የሚጠራ አንድ መስመር ከተጨመረ፣ የተጻፈውን ፋይል ጠዋት ሌላ ፕሮግራም አንብቦ ለባለዕዳዎች ደብዳቤ ያትማል። አሁን በመካከል ግንባሩን የሚቋጥር ሰው የለም። ኩዌሪው ሁለት ፋይል ሲያጣምር የመጀመሪያው ምርጫ በሁለቱም ያሉትን ብቻ ማሳየት ስለሆነ፣ የክልል ኮዱ ያልተሞላ ደንበኛ ያለ አንዳች መልእክት ከዝርዝሩ ይወድቃል። ፕሮግራሙ ያልሰጡትን አያነብም፤ የተሰጠውን በታማኝነት ያትማል። በድርጅቱ የፕሮግራሞች መዝገብ ላይ ያለው ደብዳቤ አታሚው ብቻ ነው፤ ደብዳቤው ለማን ይሂድ የሚለውን የወሰነው ኩዌሪ ግን የለም።

ከዚህ ማሽን ውጭም ተመሳሳይ ነገር በአደባባይ ታይቷል። በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት 2020 መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና ተቋም ከላቦራቶሪዎች የሚመጣለትን የኮሮና ምርመራ ውጤት ወደ ማእከላዊ ስርዓቱ ሲያሻግር በመካከል አሮጌ የኤክሴል ፋይል ይጠቀም ነበር። ያ ዓይነት ፋይል ከ65,536 ረድፍ በላይ አይይዝም። የተረፈው በዝምታ ተቆረጠ፤ 15,841 ሕሙማን ከዕለታዊው ቁጥር ቀሩ፣ ከእነሱ ጋር የተገናኙ ሰዎችን የመፈለጉ ሥራም ዘገየ። ኤክሴል ለሰው ዓይን የተሠራ ጠረጴዛ ነው፤ በሁለት ስርዓቶች መካከል ቧንቧ ሲሆን ግን እንደ ቧንቧ የፈተሸው አልነበረም። ኩዌሪ ወደ ፋይል ሲጽፍ የሚሆነውም ይኸው ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ተቃውሞ ጠንከር ያለ ነው፤ ኮምፓይል የተደረገው ፕሮግራምስ ምን ያህል ቢታመን? አር.ፒ.ጂ.ን የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ወጥመድ አለ። ፕሮግራሙ አንድን ደንበኛ በቁልፍ ፈልጎ ካጣውና ጸሐፊው መታጣቱን ካልመረመረ፣ የቀድሞው ደንበኛ ስምና አድራሻ በፊልዶቹ ውስጥ እንዳለ ይቆያል፤ ፕሮግራሙም የአንዱን ዕዳ በሌላው ስም ያትማል። ይህ ከኩዌሪው ዝምታ አይሻልም፣ እንዲያውም ይብሳል። ሶርስ ኮድም ይጠፋል። ኤኤስ/400 ይህን ጥፋት ለረጅም ጊዜ ሊሸፍን የሚችል ማሽን ነው፤ ፍራንክ ሶልቲስና ባልደረቦቹ በነደፉት አሠራር ፕሮግራም የሚጻፈው ከሃርድዌሩ በላይ ላለ መካከለኛ ንብርብር ነው። በ1995 ማሽኑ ከ48 ቢት ወደ 64 ቢት ፕሮሰሰር ሲሻገር፣ መካከለኛ መግለጫቸው ያልተነቀለ ፕሮግራሞች ሶርስ ሳያስፈልጋቸው በማሽኑ ተለውጠው ሥራቸውን ቀጠሉ። ድንቅ ምሕንድስና ነው፤ ግን ሶርሱ የውሃ ሽታ የሆነበት ድርጅትም ሳይነቃ ዓመታት አለፉት ማለት ነው። ባለሙያም ያልቃል። በሚያዝያ 2020 የኒው ጀርዚ ገዥ ፊል መርፊ የሥራ አጦች ክፍያ ስርዓት በአመልካች ሲጥለቀለቅ ኮቦል የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሚያውቅ ፈቃደኛ ፈልጉልን ብለው በአደባባይ ጠይቀዋል። ማሽኑ ሌላ ዓይነት፣ ቋንቋውም ሌላ ነው፤ ችግሩ ግን ይኸው ነው።

ይህን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ክርክሬን ግን አያፈርስብኝም። ኮምፓይል ማድረግ ለትክክለኛነት ዋስትና ነው አላልኩም። የጠፋ ሶርስ ቢዘገይም መጥፋቱ ይታወቃል፤ ድርጅቱ ጉድለት ብሎ ይመዘግበዋል፣ ኦዲተር ይጠይቅበታል። የቀድሞውን ደንበኛ ስም የሚያትም ፕሮግራም የሚታረመው አንድ ቦታ ላይ ነው፣ ከታረመም በኋላ ታርሟል። ለኩዌሪው ጉድለት ግን ሐላፊ ተብሎ የሚጠራ ሰው እንኳ የለም። አሜሪካ በ2002 ያወጣችው የሳርቤንስ ኦክስሊ ሕግ በ404ኛ አንቀጹ የአክሲዮን ገበያ ኩባንያዎች በሒሳብ ሪፖርታቸው ላይ ያላቸውን የውስጥ ቁጥጥር እንዲመዝኑ አስገድዷል። ኦዲተሮች ከፕሮግራሞቹ አልፈው ይህ ቁጥር የመጣበትን ሪፖርት ማን ሠራው፣ ማን ለወጠው ብለው ሲጠይቁ ስንት ኩዌሪ እንዳለው የማያውቅ ድርጅት መልስ የለውም።

ታዲያ ሁሉንም ኩዌሪ ወደ አር.ፒ.ጂ. እንገልብጠው? አይሆንም፤ ገንዘቡም ሰዉም አይበቃም፣ ቢበቃም ያ ወረፋ ተመልሶ ይመጣል፣ ሰዉም ዳታውን ወደ ኤክሴል አውርዶ ከማንም ዓይን ይሰወራል። የተሻለው መንገድ ደንቡን ከሁለቱም አውጥቶ ወደ ዳታቤዙ ማውረድ ነው። ኤድጋር ኮድ በ1970 የሪሌሽናል ዳታቤዝን ሐሳብ ሲያቀርብ የመጀመሪያ ጭንቀቱ ዳታው ውስጡ እንዴት እንደተደራጀ ተጠቃሚውና ፕሮግራሙ እንዳይገዳቸው ማድረግ ነበር። የዚያ ሐሳብ ፍሬ የሆነው ቪው፣ ማለትም እንደ ፋይል የሚነበብ የተቀመጠ ፍቺ፣ በዚህ ማሽን ላይም አለ። ዕዳ ያለበት ደንበኛ ማለት "ሀ" ወይም "ታ" የሆነ ነው የሚለው ፍቺ በአንድ ቪው ውስጥ አንድ ጊዜ ይጻፋል፤ የታክሱ የማጠጋጋት ስሌትም እዚያው ይቀመጣል። ፕሮግራሙም ኩዌሪውም ከዚያ ያነባሉ። ዓምዶቹ በስም ስለተዘረዘሩ ከሥሩ ያለው ፋይል ላይ ፊልድ ቢጨመር የቪው ቅርጽ አይነካም፣ ሌቭል ቼክም ያለ ምክንያት አይጮኽም። ሒሳብ ሠራተኛዋ ነፃነቷ አልተነካም፤ የምትመርጠው ፋይል ብቻ ተለውጧል። ቪው ራሱ በጽሑፍ የሚጻፍ ሶርስ ስላለው ይፈለጋል፣ ታሪኩ ይያዛል፣ ከመለወጡ በፊት ይፈተሻል።

ይህም ቢሆን በአንድ ቀን አያልቅም። የነባር ኩዌሪዎችን ፍቺ ኤስ.ኪው.ኤል. በተባለው የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ ጽሑፍ መልክ የሚያወጣ ትእዛዝ በማሽኑ ላይ አለ፤ ሆኖም አንዳንድ የማጣመር ዓይነቶችና የወረቀት አቀማመጡ ሳይጓደሉ አይሻገሩም፣ ስለዚህ የወጣውን ጽሑፍ ከአሮጌው ውጤት ጋር ሳያመሳክሩ መቀበል አይገባም። አይ.ቢ.ኤም. በ2007 ዌብ ኩዌሪ የተባለ ተተኪ ማቅረቡም አሮጌውን አላጠፋውም። መጀመር ያለበት ወደ ፋይል ከሚጽፉት ነው፤ ቁጥራቸው ከጠቅላላው ያነሰ፣ ጉዳታቸው የበለጠ ነውና። ከእነሱ ቀጥሎ ገንዘብ የሚደምሩት ይመጣሉ። ለዓይን ብቻ የሚወጡትን ግን መተው ነው፤ ፎርም ሞልቶ ማስፈቀድ ከመጣ ሠራተኛዋ ነገ ኤክሴል ትከፍታለች። ባለቤት ያልተገኘላቸውን በተመለከተ ደግሞ ፈጥኖ መሰረዝ አይበጅም። ብዙዎች ለሦስት ወር ማንም ካልጠራው አጥፉት ይላሉ፤ የዓመት መዝጊያ ኩዌሪ ግን በበጀት ዓመቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚጠራው፣ የጠራው ሰውም ሲያጣው የሚያጣው ኦዲተሩ በር ላይ ቆሞ ነው። ስለዚህ ወደ ለየት ያለ ላይብረሪ አዛውሮ ከሰኔ 30 መዝጊያ በኋላ የመጀመሪያው የኦዲት ሪፖርት እስኪፈረም ድረስ ማቆየት ነው፤ የሚፈልገው ሰው መጥቶ ሲጠይቅ ስሙ በባለቤትነት ይመዘገባል፣ ኩዌሪውም ይመለስለታል።